«ሲስተሙ ተከፍሏል ይላል» ሲሉሽ

ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ማለት ነው፣ በሳዑዲ ዓረቢያ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ያለችው አሠሪም ሳይቀር ደመወዝ በእጅ ሳይሆን በሙሳነድ ሥርዓት በኩል፣ በባንክ ወይም በዲጂታል ዋሌት እንዲከፍል የአገሪቱ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ያወጣው መርሐ ግብር ያዛል። ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። በጁላይ 2024 በአዳዲስ ውሎች ተጀመረ። በጃንዋሪ 2025 ከአራት በላይ ሠራተኛ ወዳላቸው ቤቶች፣ በጁላይ 2025 ሦስትና ከዚያ በላይ፣ በኦክቶበር ሁለትና ከዚያ በላይ ወዳላቸው እያለ ወረደ። አሁን ሁሉንም ያዘ።

ይህ በመሠረቱ ጥሩ ዜና ነው። እስከ ዛሬ ደመወዝ በማድቤት በር ላይ፣ ያለ ምስክር፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሰጥ የኖረ ነገር ነው። «ሰጥቻታለሁ» ትላለች ማዳም፤ «አልሰጡኝም» ትላለች ልጅቷ። ወረቀት የለም። ቆንስላ ቢኬድም፣ ፍርድ ቤት ቢደረስም ሁለት ቃል ብቻ ይቀርባል፣ የማን ቃል እንደሚሰማ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። አሁን ግን መዝገብ አለ።

ችግሩ መዝገቡም ሊሳሳት መቻሉ ነው። ገንዘቡ ሳይደርስሽ «ሲስተሙ ተከፍሏል ይላል» ሊሉሽ ይችላሉ። ድሮ ክርክሩ ከሰው ጋር ነበር፣ ከእንግዲህ ግማሹ ከሶፍትዌር ጋር ሊሆን ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራና ሠሪዎቹ እርስ በርሳቸው ስለ ሥራቸው እንዴት እንደሚነጋገሩ ማወቅ ለአንቺም ይጠቅማል። የኮምፒውተር ትምህርት ልስጥሽ አይደለም፣ አትፍሪ።

አንድ አፕ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው «ተጠቃሚው መጀመሪያ ይህን ይጫናል፣ ከዚያ ይህ ይመጣል» ብለው ይገምታሉ። አንዱ ይጽፋል። ጥሩ ቡድን ከሆነ ሌላው ባልደረባ የተጻፈውን መስመር በመስመር አንብቦ «ይህቺ ትሳሳታለች» ይለዋል። ይሞከራል፣ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ፈተና የሚመጣው። ማንም ያልገመተው ሰው፣ ባልገመቱት ስልክ፣ ባልገመቱት ሁኔታ ይጠቀምበታል፣ አንድ ቦታ ይሰናከላል። ስህተቱ ይታረምና አዲስ ቅጂ ይወጣል። ስልክሽ ነጋ ጠባ «አፕዴት አድርጊ» የሚልሽ ለምን ይመስልሻል? አንዳንዱ አዲስ ነገር ስለ ጨመሩበት ነው፣ ብዙው ግን የትናንቱ ላይ ያልታየ ስህተት ስለ ነበር ነው። አፕ ተሠርቶ አያልቅም።

ይህን ራሳቸው የሙያው ሰዎች ከ50 ዓመት በፊት ጀምረው ሲነጋገሩበት ቆይተዋል። በ1971 ጄራልድ ዋይንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ስለ ፕሮግራመሮች ሥነ ልቦና በጻፈው መጽሐፍ፣ ፕሮግራመር የጻፈውን ኮድ እንደ ራሱ አካል ማየት የለበትም፣ ስህተቱን ሌላ ሰው ሲያገኝለት እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ እርዳታ ይቁጠረው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በዓመቱ፣ በ1972፣ በመስኩ ትልቁን ሽልማት የተቀበለው ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ የሽልማት ንግግሩን «ትሑቱ ፕሮግራመር» ብሎ ሰየመው። አስቢው፣ ያ ሁሉ ዓለም ሊያጨበጭብለት ተሰብስቦ የመረጠው ርዕስ ትሕትና ነው። ነጥቡም ቀላል ነበር፦ የሰው አእምሮ አቅሙ ውስን ነው፣ ይህን አምኖ የሚሠራ የተሻለ ይሠራል።

በ2001 ደግሞ 17 ሰዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተሰብስበው አጭር ሰነድ አወጡ። ከደንበኛው ጋር ተቀራርቦ መሥራት በውል ላይ ከመከራከር ይበልጣል፣ ለውጥ ሲመጣ መቀበል አስቀድሞ የተነደፈን ዕቅድ ሙጥኝ ከማለት ይሻላል ይላል። ዛሬ በዓለም ያለው አብዛኛው የሶፍትዌር ቡድን በዚህ መንገድ እንደሚሠራ ይናገራል። መልካም። ግን «ደንበኛው» ማነው? እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉዳይ የሚመጣው። ደንበኛ ማለት ከፋዩ ነው። ለቤት ሠራተኛ ጉዳይ በሚሠራ ሶፍትዌር ከፋዩ መንግሥት ነው፣ አለዚያ ኤጀንሲ፣ አለዚያ አሠሪ። ስብሰባው ላይ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ስምሽ፣ ፎቶሽ፣ ውልሽ፣ ደመወዝሽ በሙሉ ውስጡ አለ፣ አንቺ ግን የለሽም። የሠሪዎቹ ትሕትና እርስ በርስ ብቻ ከሆነ አንቺ ዘንድ አይደርስም።

በስምሽ እንጀምር

አንቺ ሦስት ስም አለሽ፦ የራስሽ፣ የአባትሽ፣ የአያትሽ። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በእኛ አገር ልማድ የለም። የፎርሙ ሠሪ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አስቀምጦ ካልሞላሽው አላሳልፍ ይልሻል። አንዱ ቢሮ የአባትሽን ስም ይሞላበታል፣ ሌላው የአያትሽን። ከዚያ ፊደሉ አለ። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሦስትም አራትም ዓይነት አድርገው ይጽፉታል። ወደ ዐረብኛ ሲዞር ደግሞ «ጨ» እና «ጰ» በዐረብኛ ፊደል ስለሌሉ በሌላ ድምፅ ይተካሉ። ሰው ቢሆን «አንድ ሰው ናት» ይላል። ኮምፒውተር ግን ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳስለው። በኢቃማሽ ላይ ያለውና በሒሳብሽ ላይ ያለው ስም በአንዲት ፊደል ቢለያዩ ለእሱ ሁለት ሴቶች ናችሁ። ገንዘብ ሊመለስ፣ ሒሳብ ሊታገድ ይችላል።

ይህ ተንኮል አይደለም፣ ግምት ነው። በጃፓን ይኖር የነበረ ፓትሪክ ማኬንዚ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ2010 በጻፈው ጽሑፍ ሙያ ባልደረቦቹ ስለ ሰው ስም በስህተት የሚያምኗቸውን 40 ነገሮች ዘርዝሯል። ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው ማለት ስህተት ነው። ስም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ አለው ማለትም ስህተት ነው። ሰውየው ይህን ያወቀው የጃፓን ኮምፒውተሮች የእሱን ስም አልቀበል ብለው ሲያስቸግሩት ነው። እሱም እንዳንቺ በሰው አገር ነበር። ጽሑፉ በፕሮግራመሮች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነበባል፣ ብዙዎችም «እኔም እንዲህ ነበር የማስበው» ብለው ተቀብለውታል። ሲነገራቸው የሚሰሙ አሉ ማለት ነው።

የቀን ጉዳይም እንደዚሁ። በአንቺ ሕይወት ውስጥ ሦስት የቀን መቁጠሪያ አለ፦ የእኛ፣ የፈረንጆቹ፣ የሂጅራ። ጳጉሜ 3 የተወለደች ልጅ 12 ወር ብቻ ያለው ፎርም ፊት ስትቀርብ መዝጋቢው ደስ ያለውን ይሞላላታል፤ ትክክለኛው አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 8 ነበር። የዓመቱ ልዩነትም ሰባት ወይም ስምንት ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር የተሰጠ የልደት ዓመት ሳይቀየር ከገባ ዕድሜሽ በአንድ ጊዜ በስምንት ዓመት ሊጨምር ይችላል። የሂጅራ ዓመት ደግሞ 354 ወይም 355 ቀን ነው፣ ከፈረንጆቹ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። የሁለት ዓመት ውል በሂጅራ ሲቆጠርና በፈረንጆቹ ሲቆጠር 22 ቀን አካባቢ ይለያያል። 22 ቀን ለአንቺ የሥራ ቀን ነው። ውልሽ ላይ የተጻፈው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታረጋግጪ «ጨርሻለሁ» ወይም «አልጨረስኩም» ብለሽ አትከራከሪ።

«ችግሩ ያንቺ ብቻ ነው»

ሠሪዎች አንሰማም ሲሉ ምን እንደሚመጣ ማየት ከፈለግሽ ከእንግሊዝ ፖስታ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ነገሩ ከቤት ሥራ ሩቅ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሚው።

በ1999 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በቅርንጫፎቹ ሁሉ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሥርዓት ማስገባት ጀመረ። ሥርዓቱ የጃፓኑ ፉጂትሱ ኩባንያ ነው። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት ተራ ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከሱቃቸው ጋር አንድ ላይ የሚሠሩ። ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ኮምፒውተሩ «ገንዘብ ጎድሏል» ይላቸዋል። ጎድሎ አይደለም፣ ሥርዓቱ ውስጥ ስህተት አለ። ስልክ ደውለው ሲናገሩ ለብዙዎቹ የተሰጣቸው መልስ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሌላ ሰው የለም» የሚል ነበር። ለእያንዳንዳቸው እንዲሁ። ከኪሳቸው የሞሉ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ። ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው፣ እስር ቤት የገቡም ነበሩ። በእንግሊዝ ሕግ ኮምፒውተር ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ በትክክል ይሠራል ተብሎ ስለሚገመት፣ ስህተት አለበት የሚለውን ማሳየት የነበረበት ተከሳሹ ነው። ውስጡን ማየት የማይችለው ሰውዬ!

555 ሰዎች በአለን ቤትስ መሪነት ተባብረው ከሰሱ። በዲሴምበር 2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ውስጥ ስህተቶች እንደነበሩ፣ የሒሳብ ጉድለትም ሊያስከትሉ ይችሉ እንደነበር ወሰነ። የኩባንያው ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የቅርንጫፎቹን ሒሳብ መንካት ይችሉ እንደነበርም ተረጋገጠ፤ ፖስታ ቤቱ ለዓመታት «አይቻልም» ሲል የነበረው ነገር ነው። በሜይ 2024 ፓርላማው ፍርዱን የሚሽር ልዩ ሕግ አወጣ። ከ1999 እስከ 2024 ቁጠሪው። እነዚህ የአገሪቱ ዜጎች ናቸው፣ ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት፣ ጠበቃ ማግኘት የሚችሉ።

እዚያ የነበረው ጥፋት ስህተት መኖሩ አልነበረም። ስህተት የሌለው ሶፍትዌር የለም። ጥፋቱ ከታች የመጣውን ወሬ እንደ ወሬ አለመስማት፣ የተጠቃሚውን ቃል ከማሽኑ ቃል በታች ማስቀመጥ ነው። ሌላው ጥፋት ደግሞ እያንዳንዱ ብቻውን እንደሆነ እንዲያምን መደረጉ ነው። የተፈታው ሲገናኙ ነው።

እኛ ጋ የቀረበም ምሳሌ አለ። በ2019 ቢቢሲ ዐረብኛ በኩዌትና በሳዑዲ ባደረገው ምርመራ የቤት ሠራተኞች በስልክ አፕና በኢንስታግራም እንደ ዕቃ ለሽያጭ ሲቀርቡ አሳየ። ፎቶ፣ ዜግነት፣ ዋጋ። ከቀረቡት አንዷ የ16 ዓመት የጊኒ ልጅ ነበረች። አፖች በማከማቻቸው የሚያቀርቡት ጉግልና አፕል ናቸው። አፕል ከዚህ በኋላ ፌስቡክና ኢንስታግራምን ከማከማቻው እንደሚያስወጣ አስጠነቀቀ፣ ኩባንያው ያን ጊዜ በጥድፊያ ገጾችን መዝጋት ጀመረ። በ2021 የቀድሞ ሠራተኛዋ ፍራንሰስ ሆገን ያወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች ግን ፌስቡክ ችግሩን ከቢቢሲ ዘገባ በፊትም ያውቀው እንደነበር አሳይተዋል። ታዲያ ያወቀውን ያህል ለምን አልሠራም? የኔ ግምት ይህ ነው፦ ማስጠንቀቂያው የመጣው ከታች ሲሆን ቀስ ተባለ፣ ከአፕል ሲሆን ተሮጠ። እዚህ ላይ የጎደለው የፕሮግራመር ችሎታ አይደለም።

ከአንቺ በኩልስ?

እስካሁን ስለ ሠሪዎቹ አወራሁ። ሚዛኑ በሌላው ወገንም አለ። አፑ በተሳሳተ ቁጥር «አውቀው ነው፣ ሊበሉኝ ነው» ማለት የማያስኬድ ነገር ነው። አንዳንዱ ብልሽት በእርግጥ ብልሽት ብቻ ነው። ማዳምም ብዙ ጊዜ አፑን ከአንቺ እኩል አታውቀውም፣ ልጇን ጠርታ ነው የምታስከፍተው። «ደመወዜን ከለከሉኝ» ብለሽ ብትጀምሪ በሩ ሊዘጋ ይችላል። «ማዳም፣ ገንዘቡ አልገባልኝም፣ ሲስተሙ ስሜን በስህተት ይዞት ይሆናል፣ አብረን እንየው» ብትይ ግን ሁለታችሁም በአንድ ወገን ሆናችሁ ስክሪኑን ታያላችሁ። ይህ ማጎንበስ አይደለም፣ መብትሽን ሳትለቂ መንገድ መክፈት ነው።

ልኩ ግን ይታወቅ። አንድ ወር ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ወር ሲደገም ነገሩ የሶፍትዌር አይደለም። በሳዑዲ የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር 19911 ነው። ሪያድ ኤምባሲያችን፣ ጅዳ ቆንስላችን አለ። ተከፍሏል ተብሎ ካልደረሰሽ ገንዘቡ የገባበት ዋሌት ወይም ሒሳብ በማን ስልክ ቁጥር እንደተከፈተ መጀመሪያ ጠይቂ። ስምሽ ላይ ሆኖ ስልኩ የሌላ ሰው ከሆነ መዝገቡ «ደርሷታል» ይላል፣ ኮዱ የሚመጣው ግን ለሌላ ነው። በስልክ የሚመጣልሽን ኮድ ለማንም አትስጪ፣ ለመክተብም፣ ለደላላም፣ «ከባንክ ነው» ለሚልሽም።

ስለ ስህተት አነጋገርሽም ልዩነት ያመጣል። «አፑ አይሠራም» ለሚለው አቤቱታ ጥሩ ፕሮግራመር እንኳ መልስ የለውም፣ ምኑን ያርመው? «በ27ኛው ቀን ማታ፣ በፈረንጅ ሰዓት 9 ላይ ከፈትኩት፣ ደመወዝ የሚለውን ተጫንኩ፣ ተከፍሏል ይላል፣ ሒሳቤ ላይ ግን ዜሮ ነው፣ ፎቶው ይኸው» ስትይ ግን የሚይዘው ነገር ሰጠሽው። ስክሪንሹት ስታነሺ ቀኑና ሰዓቱ ከላይ ይታይ። ሰዓት ስትናገሪ በእኛ ወይም በፈረንጅ መሆኑን ለይተሽ ተናገሪ፤ የሳዑዲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን በስድስት ሰዓት ይለያል። ፎቶውን ስልክሽ ላይ ብቻ አታስቀምጪ፣ ስልክ ሊወሰድ ይችላልና ለምታምኛት እህት ወይም ለቤተሰብ ላኪ። ከዚያ ጎረቤት ያለችውን፣ ዓርብ የምታገኛትን ጠይቂ፦ «አንቺስ እንዲህ ይልሻል?» ሦስት ሆናችሁ አንድ ዓይነት ነገር ስትናገሩ «ችግሩ ያንቺ ብቻ ነው» የሚለው መልስ አይሠራም።

ለአገር ቤት ሠሪዎችም ይህ ጥያቄ ይደርሳል። ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ ዛሬ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ውስጥ ተመዝግባ ነው የምትወጣው። ያንን የሚሠሩት ልጆች የእኛው ናቸው፣ ጳጉሜንም የአያት ስምንም ያውቃሉ። ግን አማርኛ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ከተመላሽ ሴቶች ጋር ቁጭ ብሎ «የቱ ጋ ተሰናከልሽ? የቱን ሳይገባሽ ፈረምሽ?» ማለት ሌላ ነው። ከደላላ ጋር ሆና በሰው ስልክ የተመዘገበች ልጅ ምን ይገጥማታል የሚለውን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ መገመት አይቻልም። ለዚህ ጥያቄ ጊዜ መስጠት ሥራ ያዘገያል የሚል ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያዘገያል። የእንግሊዙን ያህል ግን 25 ዓመት አይፈጅም።

በደመወዙ ሥርዓት ላይ እኔ የማየው አንዲት ቁልፍ ነው። አሠሪው «ከፍያለሁ» የሚልበት ቦታ አለው። አንቺ «አልደረሰኝም» የምትይበት ቦታ የት ነው፣ በምን ቋንቋ፣ ስትጫኚውስ ማን ያየዋል? በሚቀጥለው ደመወዝ ቀን ስልክሽን ከፍተሽ ይህንን ፈልጊ። ካገኘሽው ለጓደኞችሽ አሳዪ፤ ካጣሽውም ማጣትሽን፣ ቀኑንና የአፑን ቅጂ ቁጥር ጨምረሽ ጻፊልን፣ ሰብስበን ለሚመለከተው እናደርሳለን።